ጠመንጃ መፍቻና ካቻቢቴ፦ በግቢ ጋራዥ ቃላት አሰያየም ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን የሚያጠናቅር ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ነው። በግራ ዐምድ የእንግሊዝኛውን ቃል ያሰፍራል፤ በቀኝ ዐምድ አቻ ይሆነዋል የሚለውን የአማርኛ ቃል ይፈልጋል፤ ፈልጎ ካጣም ይፈጥራል። ይህ ዘዴ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ትምህርት ያስገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። መኪና ለሚጠግነው ሰው ግን እምብዛም አልጠቀመውም፤ ምክንያቱም መካኒክ ሥራውን የሚጀምረው በእጁ ከያዘው ዕቃ ነው፤ ዕቃውም አስቀድሞ ስም ወጥቶለታል። ካቻቢቴ ይባላል፤ ፒንሳ ይባላል፤ ሞርሳ፣ ክሪክ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ይባላል። እነዚህን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ በተደረደረ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለማግኘት የሚሞክር ሰው በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም፤ በሩ የተከፈተው እርሱ በማያልፍበት ወገን ነውና።

ለዚህ ሂስ መነሻ አድርጌ የመረጥሁት ትልቁን የከተማ ጋራዥ አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚገኘውን ዓይነት የግቢ ጋራዥ ነው። በነፋስ መውጫ፣ ወይም በመካነ ኢየሱስ፣ ወይም በወገዳ አንድ ባለሙያ በግቢው ጥግ ምሰሶ አቁሞ፣ በላዩ ቆርቆሮ መትቶ፣ ከወፍራም ጣውላ የሥራ ጠረጴዛ አበጅቶ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ሞርሳ አስሮ ሥራ ይጀምራል። የመለዋወጫ መደብር በጎኑ የለም። የጎደለውን ዕቃ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር፣ እዚያም ከታጣ ከአዲስ አበባ በስልክ ያስመጣል። በስልክ የሚታዘዝ ዕቃ አይታይም፤ አይዳሰስም፤ የሚተላለፈው ስሙ ብቻ ነው። ስሙ ሁለት ነገር የሚያመለክት እንደ ሆነ ሻጩ የማይፈለገውን ሊልክ ይችላል፤ መኪናውም እንደ ተፈታ ሌላ ሳምንት ይቆማል። እንዲህ ባለ ቦታ የቃል ብያኔ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ወደ ኋላ እንደምናየውም አንዳንድ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ከቤቱ ስም እንነሣ። «ጋራዥ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው ተሽከርካሪ የሚጠለልበትን ቦታ ያመለክታል። በአማርኛ ሁለት ፍች ይዟል፦ አንደኛው መኪና የሚያድርበት ክፍል፣ ሁለተኛው መኪና የሚጠገንበት የሥራ ቤት። ሁለተኛው ፍች በሕዝቡ አፍ ከመጀመሪያው ይልቅ በርትቷል። ለእንግሊዝኛው «ወርክሾፕ» ግን ምሁራን «ዐውደ ጥናት» የሚል ስም ሰጥተውታል። ዐውድ በግእዝ ክብ፣ ዙሪያ፣ አደባባይ ማለት ስለ ሆነ፣ ከ«አውድማ»ም ጋር ስለሚዛመድ፣ ተሰብስቦ ለሚመክር ጉባኤ የተስማማ ስም ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል መጀመሪያ የእጅ ባለሙያ የሚሠራበት ቤት ስም ነበር፤ ጉባኤው ስሙን የወሰደው ዘግይቶ፣ በምሳሌነት ነው። እኛ ለተዋሰው አማርኛ ሰጥተን የቃሉን ባለቤት ባዶ እጁን ሰደድነው። ዛሬ አናጢውም፣ በያጁም፣ መካኒኩም «ወርክሾፕ» የሚሉት የአገራቸውን ቋንቋ ንቀው አይደለም፤ የተሰጣቸው ስለሌለ ነው። አማርኛ ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ሻይ ቤት እያለ የሥራ ቦታን ሁሉ በ«ቤት» ሲሰይም የኖረ ቋንቋ በመሆኑ «ጥገና ቤት» ለማለት ዐውድም አዋድም አያስፈልገውም ነበር።

በጋራዥ አማርኛ አንድ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ስሞቹ በአብዛኛው የጣሊያን ናቸው፤ ግሶቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አማርኛ ናቸው። ብሎን ይታሰራል፣ ይፈታል፤ ማርሽ ይገባል፤ ሞተር ይወርዳል፣ ይነሣል፤ ባትሪ ይሞታል፤ ያረጀ ሞተር ዘይት ይበላል። መኪናን «ማስነሣት» የሚለው ግስ የተኛን በሬ ከማስነሣት የተለየ አይደለም። ከሁሉም የሚደንቀው «ፍሬን በጠሰ» የሚለው አነጋገር ነው። ፍሬን ገመድ አይደለም፤ ታዲያ ምኑ ነው የሚበጠሰው? የጣሊያንኛው «ፍሬኖ» ከላቲን የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ ልጓም ነው። የጋይንት ሰው ይህን የቃል ታሪክ ሳይማር፣ ቁልቁለት ላይ አልቆም ያለውን መኪና ልጓሟን በጥሳ እንደምትሸመጥጥ በቅሎ አየው፤ ቃሉንም ሳያውቅ ወደ ጥንት ትርጉሙ መለሰው። እንዲህ ያለውን ግስ የሚያፈልቅ ሕዝብ ቋንቋው ለሞተር አይበቃም ብሎ የሚያዝንለት አይፈልግም። መዝገበ ቃላቶቻችን ስሙን ሲለቅሙ ግሱን መተዋቸው ግን ትልቅ ጉድለት ነው፤ «ፍሬን» የሚለውን ቃል ፈትቶ «ያዘ»፣ «በጠሰ»፣ «ረገጠ» የሚሉትን አብሮ የማያስቀምጥ መዝገብ የቃሉን ግማሽ ብቻ ነው የሰጠን።

ስሞቹ ለምን የጣሊያን ሆኑ? የተለመደው መልስ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ፣ ከወረራውም ጋር የመጣው የጭነት መኪናና የመንገድ ሥራ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ምሉእ ግን አይደለም። ይህ አካባቢ መኪና ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ታላቅ የብረት ሥራ ያየ አገር ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፣ ከአውሮፓ በሚስዮን ስም የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ፣ ሠረገላ ያሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚደርሰው መድፍ በሠረገላ ተጭኖ፣ ዐለት እየተፈነቀለ መንገድ እየተጠረገለት፣ በጋይንት በኩል አልፎ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ተሻግሮ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ይህም ማለት ሥራ ቤቱም፣ ከባዱ ተሽከርካሪም፣ ለተሽከርካሪው ተብሎ የተቈረጠው መንገድም በዚህ አገር ነበሩ። የዛሬው የነፋስ መውጫ ጋራዥ ግን ከጋፋት የወረሰው ቃል አይሰማበትም። በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በዚያው አገር ሲያልፍ ይዞት የመጣው ቃል ከሌላ አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባና ከአሥመራ ጋራዦች የተቀዳ ነበር።

ለዚህ እኔ የማቀርበው ምክንያት ከብረት ሥራ ጋር ተያይዞ የኖረው ንቀት ነው። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ መዶሻ የሚሉት ቃላት የቀጥቃጩ ነበሩ፤ ቀጥቃጩም በመንደሩ ዳር የሚኖር፣ ቡዳ ተብሎ የሚታማ ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። አጋጣሚ ሆኖ የመጀመሪያው አውቶሞቢል እንግሊዛዊው ቤንትሌ ነድቶት አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ቃሉን ግን ከስድብ ነጻ ሊያወጣው አልቻለም። ስለዚህ መኪና ጠጋኝ ለመሆን የወጣው ጎልማሳ ጉጠት ሲይዝ «ፒንሳ» አለው፤ ስሙ ሲለወጥ መሣሪያው የቀጥቃጭ መሆኑ ቀረ። የዚህ ነገር ዋና ምስክር «ባትላሜራ» የሚለው የሙያ ስም ነው። ቃሉ የጣሊያንኛ ጥምር ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል መምታት፣ መቀጥቀጥ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ሁለተኛው ላሜራ፣ ማለትም ዝርግ ብረት ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ላሜራ ቀጥቃጭ» ይሆናል። «ቀጥቃጭ» ቢሉት የሚጣላ ሰው «ባትላሜራ» ቢሉት ደስ እያለው አቤት ይላል፤ ሁለቱ ቃላት ግን አንድ ሙያ፣ አንድ መዶሻ፣ አንድ ትርጉም ናቸው። የቃል አጥኚ ይህን ሳያስተውል «ባትላሜራን አውጥተን ንጹሕ አማርኛ እንተካ» ቢል ሰውየውን ሸሽቶት ወደ መጣው ስም እየመለሰው መሆኑን አላወቀም።

አሁን ወደ አርእስታችን እንምጣ። ካቻቢቴ የማይለው የአገር ቤት ሰው ይህን መሣሪያ «ጠመንጃ መፍቻ» ይለዋል። አንዳንድ አጠናቃሪ ይህን ስም የገበሬ ቃል አድርጎ ይንቀዋል፤ በምትኩ «ብሎን መፍቻ»ን ያቀርባል። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። በመጀመሪያ «ጠመንጃ መፍቻ» ታሪክ የያዘ ቃል ነው፤ ጥምዝ ብሎን በብዙ ቤት መጀመሪያ የታወቀው በመኪና ሳይሆን በጠመንጃ ላይ መሆኑን በሁለት ቃል ይነግረናል። ሁለተኛ፣ ከአንድ መሣሪያ በስተቀር ሌላ ነገር አያመለክትም። «ብሎን መፍቻ» ግን ካቻቢቴም ሊሆን ይችላል፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ራስ ብሎን የሚፈታው ቁልፍም ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ጣሊያንኛው መሣሪያውን የሰየመው ብሎን በማስገባቱ ነው፤ አማርኛው ደግሞ በመፍታቱ። የገጣጠመው ፋብሪካና የፈታታው ጠጋኝ አንዱን ዕቃ በየበኩላቸው አዩት ማለት ነው።

ይህ ወደ ሰፊው ችግር ያደርሰናል። የመሣሪያን ስም ለማውጣት ሲፈለግ በአማርኛ ቀላሉ መንገድ «መ–ያ» ወይም «መ–ቻ» ያለውን የመሣሪያ ስም ከግስ ማውጣት ነው፦ መፍቻ፣ ማንሻ፣ መቁረጫ፣ መሰርሰሪያ፣ መበየጃ። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ ጆሮም አይጠላውም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስም የሚናገረው ተግባሩን እንጂ ቅርጹን አይደለም። በአንድ የግቢ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ብረት የሚቈርጡ ቢያንስ አራት መሣሪያዎች ይገኛሉ፤ መጋዝ፣ መቀስ፣ መሮና በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው የድንጋይ ዲስክ። አራቱም «ብረት መቁረጫ» ናቸው። ተለማማጁን «መቁረጫ አምጣ» ቢሉት በየትኛው እንደሚመለስ አይታወቅም። መሰርሰሪያ የተሳካለት ለአንድ ተግባር አንድ መሣሪያ ብቻ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ይህን የስም ቤት ተግባሩ ለአንድ መሣሪያ ብቻ በሚሰጥበት ስፍራ መጠቀም፣ በሌላው ስፍራ ግን ቅርጹን ወይም የታወቀውን ውሰት ቃል መያዝ ይሻላል።

«ቁልፍ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ተጨናንቋል። የበር ቁልፍ አለ፤ የልብስ ቁልፍ አለ፤ የመኪናው ማስነሻ ቁልፍ አለ፤ ብሎን የሚፈታውም ቁልፍ ነው። መካኒኮች ይህን ችግር ያለ ማንም ምክር በቁጥር ፈትተውታል፤ «13 ቁልፍ»፣ «17 ቁልፍ» ይላሉ። አጠናቃሪው ሊጨምርላቸው የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ቁጥሩ የብሎኑን ውፍረት ሳይሆን የራሱን ስፋት በሚሊሜትር እንደሚለካ መግለጽ ነው። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን በአውሮፓ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ 13 ቁልፍ ሲፈልግ በጃፓን መኪና ላይ 12 ይበቃዋል፤ 10 ሚሊሜትሩም እንደዚሁ በአንዱ 17፣ በሌላው 14 ነው። ስለዚህ በስልክ «የ13 ብሎን ላክልኝ» ብሎ ማዘዝ ዕቃውን በመፍቻው ስም መጥራት ስለ ሆነ ለስሕተት በር ይከፍታል።

እስካሁን ያነሣኋቸው ጉድለቶች ጊዜና ገንዘብ ያባክናሉ። አሁን የማነሣው ግን ሰው ይገድላል። እኔ ራሴ በዚህ ጥፋት አለሁበት፤ ከዓመታት በፊት ለአንድ የሙያ ትምህርት መጽሐፍ የቃላት መፍቻ ሳዘጋጅ «የፍሬን ዘይት» የሚለውን ቃል «በፍሬን ቧንቧ ውስጥ የሚሞላ የዘይት ዓይነት» ብዬ ፈትቼ አሳልፌዋለሁ። ሕዝቡ እንደሚለው መጻፌ ትክክል መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ዘይት አይደለም። በአብዛኞቹ መኪናዎች የፍሬን ቧንቧ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግላይኮል ከተባለ ውሕድ ወገን ሲሆን ከውሃ ጋር የሚዋሐድ ነው። የሞተር ዘይት በምትኩ ቢጨመርበት በፍሬኑ ሲሊንደር ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ያብጣሉ፤ ይለሰልሳሉ፤ መኪናው የጨጨሆን ቁልቁለት ሲጀምር ፍሬኑ ወይ ይነክሳል፣ ወይ ባዶ ይረገጣል። ከመደብር ርቆ የሚሠራ ጠጋኝ ፈሳሹ ጐድሎ ቢያገኘው፣ በእጁ ያለው የሞተር ዘይት ብቻ ቢሆን፣ መዝገበ ቃላቱም ሁለቱን በአንድ ስም «ዘይት» ቢልለት፣ ምን ያድርግ? ዘይት በዘይት ላይ ጨመረ። ቃሉ ፈቅዶለታል።

ስለዚህ ውሰት ቃላትን እንደ ነበሩ እንተዋቸው የሚለው የራሴ አቋም እዚህ ላይ ይገታል። «ካቻቢቴ» አይዋሽም፤ «የፍሬን ዘይት» ግን ይዋሻል። አንድ ስያሜ ሐሰትን የሚናገር ከሆነና ሐሰቱም አደጋ የሚያደርስ ከሆነ የተለመደ መሆኑ ሊያድነው አይገባም። «የፍሬን ፈሳሽ» የሚለው ስም ተዘጋጅቶ አለ፤ አዲስ ፈጠራ አያሻውም፤ ማንም ሲሰማው ይገባዋል። የቀድሞው ስም ወደዚህ የሚመራ ማጣቀሻ ሆኖ ይቀመጥ፤ በብያኔውም ውስጥ ዘይት እንዳልሆነና ዘይት እንዳይቀላቀልበት በግልጽ ይጻፍ። ፈሳሹ ከአየር እርጥበት እየሳበ ስለሚደክምም ያ አብሮ ቢጠቀስ መልካም ነው፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የማይፈላ ሲሆን እርጥበት ሲገባው መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። መዝገበ ቃላት የጥገና መመሪያ አይደለም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔም እቀበላለሁ፤ ሆኖም ስለ መርዛማ ዕፅ ሲፈታ «መርዛማ» የሚለውን ቃል የማይጽፍ መዝገብ አላየሁም።

«የባትሪ ውሃ»ም ከዚህ የተለየ አይደለም። በአንድ አፍ ስሙ ለባትሪው መጀመሪያ የሚሞላውን የሰልፈሪክ አሲድ ውጥ ያመለክታል፤ በሌላ አፍ በኋላ ውሃው ሲተን የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ። የመጀመሪያው ልብስና ቆዳ ይበላል፤ ሁለተኛው እጅ ቢታጠቡበት ጉዳት የለውም። ልጅ ባለበት ግቢ፣ በመስኮት ላይ በተቀመጠ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ «የባትሪ ውሃ» ሲባል የትኛው ነው? «የባትሪ አሲድ» እና «የተጣራ ውሃ» ብሎ መለየት ቀላል ነው። «ባትሪ» የሚለውም በገጠር በመጀመሪያ በእጅ የሚያዘውን መብራት ማለት መሆኑን፣ የእጅ መብራቱ ኀይል ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» መባሉን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ስንት ሸክም እንደ ተጫነበት ይታየዋል።

መኪናን ከመሬት ለማንሣት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እንዳይንከባለል የሚያግደው «ታኮ» ይባላል፤ ይህም ከጣሊያንኛ ተረከዝ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የሚያነሣው «ክሪክ» ነው። ተነሥቶ ሳለ ይዞት የሚቆመው ሦስተኛው መሣሪያ ግን በግቢ ጋራዥ አፍ የረጋ ስም የለውም። ስም ስለሌለውም ብዙ ጊዜ ዕቃው ራሱ የለም፤ በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ በቆመ መኪና ሥር ሰው ይተኛል፤ ቢጠነቀቅ ድንጋይ ወይም የግንድ ጉማጅ ያስደግፋል። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም፤ ማሸጊያው ቢያፈስ ወይም መሬቱ ቢለሰልስ ይወርዳል። በክረምት የጋይንትና የእስቴ መሬት ምን ያህል እንደሚለሰልስ ለአገሩ ሰው መንገር አያሻም። ማን ቀድሞ ሄደ፣ ስሙ ወይስ ዕቃው፣ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔ ግን «ክሪክ» ሲፈታ «መኪና ማንሻና ማቆሚያ» የሚል ብያኔ የሚሰጥ ሰው ሁለቱን ተግባር ለአንድ መሣሪያ በመስጠቱ የጥፋቱ ተካፋይ ነው እላለሁ።

ስሙን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያው ባለሙያ ጋራዡን ሲሠራ ያቆመውን እንጨት መመልከት ይበቃል። አናቱ ሁለት ቅርንጫፍ ሆኖ የተሰነጠቀ፣ አግዳሚውን በመንታው መካከል ተሸክሞ የሚቆም እንጨት «ባላ» ይባላል። በመኪና ሥር የሚቆመው የብረት መደገፊያም አናቱ እንደዚሁ ጎድጎድ ያለ ወይም መንታ ነው፤ ሥራውም የተጫነበትን ሳይንቀሳቀስ መሸከም ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ብያኔ አቀርባለሁ፦ «ባላ፣ ስም። 1. አናቱ መንታ የሆነ፣ ጣሪያ ወይም አግዳሚ የሚሸከም የቤት እንጨት። 2. በጥገና ሥራ፣ በክሪክ የተነሣ መኪና እንዳይወርድ ከሻሲው ሥር የሚቆም የብረት መደገፊያ፤ ሰው ከመኪና ሥር ከመግባቱ በፊት ይቆማል። ክሪክንና ታኮን ተመልከት።» ቃሉ ለአካባቢው ሰው ትርጉም ሳያሻው ይገባል፤ የሚሠራውም ብረት በያጅ ያለበት ግቢ ሁሉ ሊበየድ የሚችል ነው።

ከመኪና ሥር ለመሥራት የሚቈፈረው ጉድጓድ ደግሞ ሌላ ቃል ያስታውሰናል። ቤንዚን ሲተን የሚወጣው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይተኛል፤ አንድ የብየዳ ብልጭታ ይበቃዋል። ጠጋኙ ግን የሚፈራው «ጭስ»ን ነው፤ ጭስ ይታያልና። ለማይታየው «ተን» የሚል ጥሩ የአማርኛ ቃል ሳለን ከድስት ክዳን አላወጣነውም። ብርዱ ሲጸና በር ዘግቶ ሞተር የሚያስነሣ ሰውም የሚጠብቀው የሚሸትና የሚታይ ጭስ ነው፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በማስተማሪያ መጻሕፍት «የጭስ አደጋ» እየተባለ በደፈናው መጻፉ ቢቀር መልካም ነው።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «አሽከርካሪ»ም «ተሽከርካሪ»ም «መንጃ ፈቃድ»ም አንድ ጊዜ እንግዳ ነበሩ፤ ዛሬ ፖሊሱም ረዳቱም ይላቸዋል፤ ስለዚህ ድፍረት ቢኖር «ካንዴላ»ንም «ፍሪሲዮን»ንም መተካት ይቻላል ይላሉ። የተሳካላቸውን ቃላት አስተውለን ብንመለከት ግን ሁሉም ሕግና ጽሕፈት ቤት የሚያውቃቸው፣ በወረቀት ላይ የሚጻፉ ናቸው። መንግሥት በቅጽ ላይ ያተመውን ቃል ዜጋው ይለምዳል። ካንዴላ በቅጽ ላይ አይጻፍም፤ ከጌታው ወደ ተለማማጁ በአፍና በእጅ ይተላለፋል። «ሊብሬ»ና «ቦሎ» እንኳ የመንግሥት ወረቀቶች ሆነው ሳለ የጣሊያን ስማቸውን አልለቀቁም። ስለዚህ ቃል የመትከል ጉልበታችንን ስም ላጣው ወይም በስሙ ለሚዋሸው ዕቃ ብናውለው ይበጃል፤ ስሙን ይዞ በሰላም ለሚሠራው ካንዴላ ግን የሚያስፈልገው በፊደሉ ተራ መግባት ብቻ ነው።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ድካም የታየበት ሥራ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መሄዱ ግን ከላይ ያልሁትን በር ዘግቷል። ቢያንስ በመጨረሻው ገጾች ከአማርኛ የሚነሣ ማውጫ ቢታከልበት፣ በዚያም ውስጥ የጋራዡ ቃላት ቢሰፍሩ፣ «ካቻቢቴ» ብሎ የገባ ሰው ወደ ሚፈልገው ይደርሳል። ያኔ የሚነሣው ጥያቄ የአጻጻፍ ነው። ካቻቪቴ፣ ካቻቢቴ፣ ካቻቢት እየተባለ ይጻፋል። «ቪ» የተባለው ድምፅ ለአማርኛ እንግዳ በመሆኑ በአብዛኛው ተናጋሪ አፍ ወደ «ቢ» ተለውጧል፤ መጨረሻው አናባቢ ግን በጋራዡ አልጠፋም። ስለዚህ መሪ ቃሉ «ካቻቢቴ» ሆኖ ቢቀመጥ፣ «ካቻቪቴ» ወደ እርሱ ቢመራ፣ «ጠመንጃ መፍቻ»ም በራሱ ፊደል ተራ ሙሉ ብያኔ ይዞ ቢገባ ይሻላል እላለሁ።